አታስገባኝ

ልጁ የዱመርሶ ልጅ ነው፤ ዲላ ቤት ተከራይቶ ይማራል። አባቱ በይርጋጨፌ ወረዳ እንዳሉት ብዙ አባወራዎች ከእንሰቱ ጎን ቡና አለው። ከኅዳር እስከ ጥር እሸቱ ተለቅሞ ወደ ማጠቢያው ሲወርድ፣ የልጁ የዓመት ኪራይና ቀለብ ከዚያ ይቆረጣል። በዚያ ዓመት የተቆረጠለት ገንዘብ ግን የፕሌይስቴሽን ቤት ሒሳብ ሆኖ ቀረ። ጨዋታው ኳስ ነው፤ ደንቡም ተሸናፊ ይከፍላል የሚል ነው። የተሸነፈ ለመበቀል፣ ያሸነፈ ለመድገም ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሚነሣ የለም።

አንድ ማክሰኞ ማታ ጆይስቲኩን አስቀመጠና ወደ ቤቱ ባለቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ብመጣ አታስገባኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

ሐሙስ ተመለሰ። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ የተባባሉትን አስታወሰው። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ በኋላ ተቆጣ። «የማክሰኞውን ተወው፤ ያን ቀን ደክሞኝ ነው። አሁን የምነግርህ እኔ ነኝ» አለው። ባለቤቱም «የማክሰኞው ልጅ አደራ ብሎኛል። የሱን አደራ ልታስበላኝ አንተ ማን ነህ?» ብሎ መለሰለት።

ይህን ያጫወተኝ ራሱ ልጁ ነው። እሱ የነገረኝ በሩ ላይ ስለ ተሰማው ኀፍረት ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የባለቤቱ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንተ ማን ነህ?

የሐሙሱ ልጅ አልዋሸም። እግሩም ድምፁም የሱ ነው፤ የሚያንገበግበው ፍላጎትም የሱ ነው። ማክሰኞ «አታስገባኝ» ያለውም እሱ ነው። ታዲያ ሁለቱ ሲጣሉ በሩ ላይ የቆመው ሰው ለማን ይፍረድ? ብዙዎቻችን ቸኩለን ለማክሰኞው እንፈርዳለን፤ አስተዋዩ እሱ ነውና። ነገር ግን አስተዋይነት ብቻውን በሌላ ሰው ላይ ሥልጣን አይሰጥም። እኔ ከጎረቤቴ የተሻለ አስተዋይ ብሆን እንኳ በሩን ልቆልፍበት አልችልም። የማክሰኞው ልጅ ሥልጣን ያገኘው ከሌላ ቦታ ይመስለኛል፦ እሱ የተናገረው ስለ ሁለቱም አስቦ ነው። ሐሙስ እንደሚመጣ፣ እንደሚለምን፣ ምን ብሎ እንደሚለምንም ሳይቀር ያውቅ ነበር። የሐሙሱ ግን ስለ ማክሰኞው ማሰብ አልፈለገም፤ «ተወው» አለ። አንደኛው በሐሳቡ ውስጥ ለሌላው ቦታ ሰጥቶታል፤ ሌላኛው ነፍጎታል። ባለቤቱ ለማክሰኞው ሲፈርድ ትክክል ነበር የምለው ለዚህ ነው።

አርስቶትል በኒቆማካዊው ሥነ ምግባር 7ኛ መጽሐፍ ላይ የሚበጀውን እያወቁ የማይበጀውን ስለ ማድረግ በሰፊው ጽፏል፤ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ስለዚሁ ነገር አልቅሷል። ችግሩ አሮጌ ነው። አዲሱ ነገር መሣሪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኮምፒዩተርና በስልክ ጨዋታ መጠመድን በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስገብቶታል፤ ምደባው በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ መቆጣጠር ማቃት፣ ጨዋታውን ከሌላው ሕይወት ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳቱን እያዩ መቀጠል። ይህም በአብዛኛው ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት። ማታ ማታ የሚጫወት ሁሉ ታሟል የሚል የለም፤ ይህን መለየት ለወላጆች ይጠቅማል።

አማርኛችን ጨዋታ የሚለውን ቃል ለወግም ለመዝናኛም ይሰጠዋል። እንግዳ ቤታችን ሲገባ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ዝም ያለውን «ምነው አትጫወትም?» እንለዋለን። በዚህ አነጋገር ጨዋታ ሰው ይፈልጋል፤ ደግሞም ያልቃል። ይህን ለማየት ቡናው ከበቀለበት አገር የተሻለ ቦታ የለም። አቦል ይጠጣል፣ ቶና ይጠጣል፣ በረካ ይጠጣል፤ ከዚያ ይመረቅና ስኒው ይሰበሰባል። ጎረቤት የተጣፈጠ ወግ ላይ ቢሆንም ይነሣል፤ በረካ ከተጠጣ በኋላ መነሣት ቅር አያሰኝም። የጨዋታው ማብቂያ በጨዋታው ውስጥ ተቀምጧል፤ ማንም በራሱ ጉልበት ማቆም አይጠበቅበትም።

የስልክ ጨዋታ በረካ የለውም። ሆን ተብሎ በረካው ተወስዶበታል። አንድ ደረጃ ሲያልቅ ሌላው ይከፈታል፤ አንድ ወቅት ሲዘጋ ሌላው ይጀምራል። ዕለታዊ ሽልማት አለ፤ አንድ ቀን የቀረ ሰው የደረደራቸውን ቀናት ያጣል። ውስጡ የማይታወቅ ሣጥን አለ፤ በገንዘብ ይገዛል፣ ምን እንደሚወጣ ግን ዕጣ ነው። ቤልጂየም በ2018 እ.ኤ.አ. በገንዘብ የሚገዙትን እነዚህን ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብላ ከልክላለች። እንግዲህ የዱመርሶው ልጅ «እስከ ፋሲካ» ሲል ያደረገውን አስቡት፦ መጨረሻ ለተነፈገው ነገር በገዛ አፉ መጨረሻ አበጀለት።

እኔም ይህን ሞክሬ ነበር፤ በስልክ። ሌሊት የሚያስቀምጠኝ ጨዋታ ነበረኝና የአፕል ስልኬን የጊዜ ገደብ መቆጣጠሪያ በቀን ለ40 ደቂቃ ሞላሁት። ስልኮቹ ይህን መሣሪያ ይዘው የመጡት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ደቂቃው ሲያልቅ መስኮቱ ይደበዝዛል፣ የአሸዋ ሰዓት ሥዕል ይመጣል። ከሥሩ ደግሞ ገደቡን ለዛሬ ችላ በል የሚል ቁልፍ አለ። ቁልፉን ነካሁት። በማግስቱም ነካሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጣቴ ከዐይኔ ቀድሞ ቁልፉ ላይ ይደርስ ነበር፤ ገደቡ ራሱ ከጨዋታው እንደ አንዱ እርምጃ ሆኖ ቀረ። ስሕተቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በሩን የቆለፈውም፣ በሩን የሚገፋውም፣ ቁልፉን በኪሱ የያዘውም እኔው ነበርኩ። የማክሰኞው እኔ ለሐሙሱ እኔ ቁልፉን አቀብሎት ነበር የተኛው። በመጨረሻ እኅቴን የይለፍ ቃል እንድታስገባበት ጠየቅኋት፤ ለእኔ እንዳትነግረኝም አደራ አልኳት። ያን ጊዜ መሣሪያው መሥራት ጀመረ።

በቁማሩ ዓለም ይህ ነገር ቀደም ብሎ ገብቷቸዋል። የአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ራሱን ከቁማር ቤቶች የሚያግድበት መዝገብ አላት። በብሪታንያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋምስቶፕ የሚባለው መዝገብ ለ6 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ5 ዓመት ከኢንተርኔት ቁማር ያግዳል፤ ስዊድን ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ስፔልፓውስን ከፍታለች። የጋምስቶፕ ብርታት በአንድ ነገር ላይ ነው፦ የመረጥከው ጊዜ ሳያልቅ ደውለህ «ሐሳቤን ለውጫለሁ» ብትል አይሰማህም። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ሁሉ በአንድነት ታስረውበታል፤ ከአንዱ በር ተመልሰህ በሌላው አትገባም።

ለቪዲዮ ጨዋታ ይህን የመሰለ የጋራ መዝገብ የለም። አካውንቴን ዝጉልኝ ያለ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የእፎይታ ጊዜ ነው፦ ሐሳቡን ቢለውጥ ተብሎ አካውንቱ ለተወሰኑ ቀናት ይቆይለታል። ለተጠመደ ሰው እነዚያ ቀናት የፈተናው ዋና ቀናት ናቸው። በሩ ገርበብ ብሎ የሚቆየው በእነሱ ውስጥ ነው።

መንግሥታት የሞከሩትም አለ። ደቡብ ኮሪያ ከኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ አገደች። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር መግባት ለመዱ፤ ሕጉም ከ2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ቀረ። ቻይና በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን ማታ አንዳንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ኮሪያ ያቆየችው ሌላኛው ሕግ ግን እኔን ይበልጥ ይስበኛል፦ ወጣቱ ራሱ ወይም አሳዳጊው «በዚህ በዚህ ሰዓት አታስገቡኝ» ብሎ ከጠየቀ ኩባንያው የመዝጋት ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ሕግ ልጁን እንደ ሌባ ከውጭ ይጠብቀዋል። ይህኛው ከልጁ አፍ አንድ ቃል ይጠብቃል፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላውን ወገን በዚያ ቃል ያስረዋል። የተከለከለና ልከልከል ብሎ የጠየቀ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በር ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ግን አጥር የሚዘልበትን ቀዳዳ ሲፈልግ፣ ሁለተኛው ቢዘል የሚያታልለው የገዛ ቃሉን ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቶማስ ሼሊንግ ራስን ስለ ማሰር ብዙ ጽፏል። ከምሳሌዎቹ አንዱ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የነበረ የኮኬይን ሱሰኞች ሕክምና ነው። ታካሚው ጥፋቱን የሚናዘዝበትን ደብዳቤ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ሐኪም ከሆነ ለምሳሌ የሥራ ፈቃዱን ለሚሰጠው ቦርድ። ደብዳቤው በክሊኒኩ ይቀመጣል። ባልተጠበቀ ቀን ተመርምሮ ከተገኘበት ደብዳቤው ይላካል። ታካሚው ለሐኪሞቹ የሰጣቸው እሱን ራሱን የሚመቱበትን ዱላ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዋስ አገር ሰዎች ነን። በአማራ አገር መጠጥ ያስቸገረው ሰው የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ «ይገዝቱኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ሲቀርብለት «ተገዝቻለሁ» ይላል፤ ጓደኞቹም አይጫኑትም። «ትቻለሁ» ቢል ኖሮ እስኪጠጣ ድረስ ይለምኑት ነበር። ልዩነቱን አስተውሉ፦ «ትቻለሁ» የብቻ ነው፣ «ተገዝቻለሁ» ከጀርባው ሌላ ሰው አለ። ዱመርሶን በመሰለ፣ አብዛኛው ሰው ወንጌላዊ አማኝ በሆነበት አካባቢ ደግሞ ሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ ይመሰክራል፤ የሰማው ሰው ሁሉ ምስክሩ ይሆናል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እቁብ ነው። እቁብ ወለድ አይከፍልም። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ስለሚያገኝ ይጠቀማል እንበል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰውስ? በሒሳብ ከታየ ገንዘቡን በቤቱ ሣጥን ቢያስቀምጥ ያው ነበር። ታዲያ ለምን ይገባል? ሣጥኑን ራሱ እንደሚከፍተው ስለሚያውቅ ነው። የእቁቡ ዳኛ ግን እሑድ ጠዋት ይጠብቀዋል፤ «በዚህ ሳምንት አልተመቸኝም» የሚለውን አይቀበልም። የመጨረሻው ዕጣ ባለቤት የሚያተርፈው ያንን እምቢታ ነው። ሌላ ሰው በእርሱ ላይ እንዲጨክንበት ተስማምቷል፤ ጭካኔውም ጠቅሞታል። ራስን መቆጣጠርን «ራስን መግዛት» የምንል ሰዎች፣ ገበያ ወጥተን የምንገዛውንም በዚያው ግስ እንናገራለን። ሰው ራሱን ሲገዛም ብቻውን ከራሱ ጋር ተዋውሎ እንደማይሆንለት እቁብተኛው ያውቃል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ተቃውሞው የሚመጣው ከሐተታ ነው፤ ሐተታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ፈላስፋውን ዘርዐ ያዕቆብን ነው። በ1667 እ.ኤ.አ. እንፍራንዝ ላይ ተጻፈ የሚባለው መጽሐፍ የማን እንደሆነ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የሚስዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ ክርክሩ አልተዘጋም። ሐሳቡ ግን የማንም ይሁን የማን ቆሞ ይጠይቀናል። ሐተታው የምንኩስናን ሥርዐት ይነቅፋል፤ ፈጣሪ በሰው ልብ ያኖረውን ሰው በራሱ ሕግ ሊሽረው አይገባም ይላል። ይህ ሙግት ለእኛ ጉዳይ እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፦ ልብህ ነገ የሚያየውን ዛሬ ሳታየው ለምን ታስረዋለህ? ነገ የሚገባህ ነገር ቢኖርስ? የሐሙሱ ልጅ በእርግጥ አንድ አዲስ ነገር ተገልጦለት ቢሆንስ?

ሙግቱ ዘላለማዊ እስራትን ይመታል ብዬ አምናለሁ። ከ20 ዓመት በፊት በንዴት የተማለ መሐላ አንድን ሰው ሽማግሌ እስኪሆን ቢያስረው ያሳዝነኛል። «እስከ ፋሲካ»ን ግን አይመታም። ቀን የተቆረጠለት እገዳ የነገን ልብ አይሽርም፤ ተራ ይሰጠዋል። የሐሙሱ ልጅ እውነት አዲስ ነገር አይቶ ከሆነ፣ ያ ነገር ፋሲካ ሲደርስም እውነት ይሆናል። ለስምንት ሳምንት መቆየት የማይችል፣ ዛሬ ማታ ካልሆነ የሚሞት እውነት ደግሞ እውነትነቱ ያጠራጥራል። እሸት ቡናን የሚያጥብ ሰው ይህን ያውቃል፦ ቡናው በገንዳ ውሎ አድሮ፣ ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ለቀናት ፀሐይ ካልመታው ጣዕሙን አይናገርም። ፍላጎትንም እንዲሁ ለፀሐይ ማስጣት ይቻላል።

ዱመርሶ የሚገኝበት የጌዴኦ ምድር ራሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሰው እጅግ በርክቶ በሚኖርበት ተዳፋት ላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና አንድ ላይ ይኖራሉ። በእርሻው መካከል ደግሞ ለጸሎትና ለሥርዐት የተለዩ፣ በሽማግሌዎች የሚጠበቁ ደኖች አሉ። መሬት በጠበበበት አገር አንድ ሕዝብ ከገዛ መሬቱ ከፊሉን ከገዛ ምሳሩ አርቆ አስቀመጠ ማለት ነው። ዛፉን መቁረጥ የሚፈልግ ቀን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ የችግር ዓመት፣ የሠርግ ዓመት፣ ገበያ የሚያጓጓበት ዓመት። ስለዚህ ውሳኔውን ለዚያ ቀን ሰው አልተዉለትም። ለሽማግሌው፣ ሶንጎ ለሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ሰጡት። የዱመርሶው ልጅ ይህን አስቦ ነበር አልልም። ነገር ግን ባደገበት ምድር እንዲህ ያለው ነገር በየኮረብታው ቆሟል።

አሁን ወደ በሩ ላይ ቆሞ ወደነበረው ሰው ልመለስ፤ የታሪኩ ጀግና እሱ ነውና። በሐሙሱ ማታ ልጁን ባስገባው ገንዘብ ያገኝ ነበር። ልጁ እየለመነው ነው፣ ገንዘቡ በልጁ እጅ ነው፣ የሚከሰውም የለም። «ደንበኛዬ የጠየቀኝን አደረግሁ» ቢል ማን ይወቅሰው ነበር? የትልልቆቹ የጨዋታ ኩባንያዎች መልስ ይኸው ነው፤ ደንበኛው ፈልጎ ነው ይላሉ። የትኛው ደንበኛ እንደሆነ ግን አይጠይቁም። የዲላው ሰው ጠየቀ። ሁለት ደንበኞች በአንድ ሸሚዝ መጥተውበታል፤ አንደኛው ገንዘብ ይዟል፣ ሌላኛው አደራ ትቷል። አደራውን መረጠ። እያንዳንዱን ተጫዋች በስሙ፣ በሰዓቱና በሚከፍለው ሳንቲም የሚያውቅ ኩባንያ ይህን ለማድረግ አቅም አጥሮት አይደለም። ፈቃድ አጥሮት ነው፤ ፈቃዱን ደግሞ ሕግ ሊያስተምረው ይችላል። የኮሪያው ዓይነት አንድ አንቀጽ ይበቃል፦ የተጠየቀ ይዝጋ፣ የተባለው ቀን ሳይደርስ አይክፈት።

ሕጉ እስኪመጣ ግን በየከተማችን፣ በየመንገዱ ዳር ጆይስቲክ የምታከራዩ ወንድሞቼ፣ እናንተን እለምናለሁ። መደርደሪያችሁ ላይ አንድ ደብተር ይኑር። ልጅ መጥቶ «አታስገባኝ» ሲላችሁ አትሣቁበት፤ ያን ቃል ለማውጣት ስንት ሌሊት እንደፈጀበት አታውቁም። «እስከ መቼ?» በሉት። ስሙንና ቀኑን ጻፉ፣ አስፈርሙት። ከቀኑ በፊት ሲመጣ ደብተሩን ገልጣችሁ የገዛ እጅ ጽሕፈቱን አሳዩት። የሰፈሩ ሌሎች ቤቶችም እንዲያውቁት ተነጋገሩ። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ስልኩን አምጥቶ «የይለፍ ቃሉን አንቺ ያዢልኝ» ካለ በዱላ አትቀበሉት፤ ቁልፉን ያመጣላችሁ እስረኛ ሳይሆን ባለአደራ የሚፈልግ ሰው ነው።

ልጁ በፋሲካ ማግስት ወደዚያ ቤት ሄደ። ባለቤቱ ቀኑ መድረሱን አረጋግጦ አስገባው። ሁለት ጨዋታ ተጫወተ፤ አንዱን አሸነፈ፣ አንዱን ተሸነፈ። የተሸነፈበትን ከፍሎ ጆይስቲኩን አስቀመጠና «እስከ ሰኔ» አለው።